ሞኒተር ሲደበዝዝ፦ ከኮምፒውተር ክፍላችን የተገኘ የጥገና ተሞክሮ

ደሴ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። የኮምፒውተር ክፍሉም በእኔ ኃላፊነት ነው። ያሉን ሞኒተሮች አብዛኞቹ 17 እና 19 ኢንች ናቸው። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ለዓመታት አገልግለው በእርዳታ የመጡ ናቸው። ዕድሜ ተጫጭኗቸዋል። አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይከተላል። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው ነው የሚያነቡት። መስኮት ዳር ያሉትማ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጭራሽ አይነበቡም ነበር።

አዲስ ይገዛልን ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ጽፈናልም። ግን በጀት ተይዞ፣ ጨረታ ወጥቶ ዕቃው እስኪመጣ አስረኛ ክፍል የነበረው ልጅ ተፈትኖ ይወጣል። ስለዚህ የደበዘዙትን ራሴ እየከፈትኩ መጠገን ጀመርኩ። ከከተማችን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞችም ብዙ ተማርኩ።

እናም በእርግጠኝነት የምነግራችሁ ነገር አለ። የደበዘዘ ሞኒተር ሞቷል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን የሚሠራው ክፍል ጤነኛ ነው። የደከመው ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው፤ ወይም ለመብራቱ ኃይል የሚሰጠው ቦርድ። የትኛው እንደደከመ ከለያችሁ ጥገናው ብዙ ጊዜ በርካሽ ያልቃል። ሳትለዩ ዕቃ መግዛትና መቀያየር ከጀመራችሁ ግን ገንዘባችሁ በከንቱ ይሄዳል።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ኤልሲዲ ሞኒተር ምስሉ ራሱ አያበራም። ፊት ለፊት የምናየው ፓነል ሥራው ብርሃን ማሳለፍና መከልከል ብቻ ነው። ከጀርባው ጥርት ያለ ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ጠርዝ፣ ብዙ ጊዜ ከላይና ከታች፣ ቀጫጭን መብራቶች ተሰክተዋል። ሰሌዳው ከጠርዝ የገባውን ብርሃን ወደ ፊት ያወጣዋል። በላዩ ላይ የተደረቡት ስስ ወረቀት መሰል ፕላስቲኮች ደግሞ ብርሃኑን እኩል ያዳርሱታል።

እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ገደማ በተሠሩት አብዛኞቹ ሞኒተሮች ላይ ይህ መብራት ሲሲኤፍኤል ይባላል። ጣሪያ ላይ ከምንሰቅለው ፍሎረሰንት ጋር አንድ ዘር ነው። ውፍረቱ ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ ውስጥ ያለችውን ቀጭን የቀለም ቱቦ ያህል ማለት ነው። ውስጡ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለው። ለመለኮስ ከ1,000 ቮልት በላይ ይፈልጋል፤ ከተለኮሰ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል። ይህን ቮልቴጅ የሚያመነጭለት ኢንቨርተር የሚባል ክፍል ነው። አንዳንዱ ሞኒተር ላይ ኢንቨርተሩ ለብቻው ቦርድ አለው፤ ብዙዎቹ ላይ ግን ለሞኒተሩ ኃይል ከሚሰጠው ክፍል፣ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አንድ ቦርድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሞኒተሮች በኤልኢዲ ነው የሚሠሩት።

ሲሲኤፍኤል መብራት እንደ ድሮው አምፖል በአንድ ቀን ተቃጥሎ አይጠፋም። ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው። አምራቾች ዕድሜው ይህን ያህል ነው ሲሉ ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ያለውን ጊዜ ማለታቸው ነው። ይህም እንደ ሞዴሉ ከ25,000 እስከ 50,000 ሰዓት ይደርሳል። ብዙ ይመስላል። ግን አስሉት፦ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የዋለ ሞኒተር በዓመት 8,760 ሰዓት ያበራል። እንዲህ ያገለገለ ሞኒተር ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ብርሃኑን አጥቷል። በእርዳታ የሚመጡት ሞኒተሮች ላያቸው ንጹሕ ሆኖ ስክሪናቸው የደበዘዘ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ ቁልፎቹን ነካኩ። ቀላል ይመስላል፤ ግን እኛ ክፍል ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ጥግ ከተገፋው ሞኒተር ውስጥ ምንም ያልሆነ አይጠፋም። ተማሪዎች ሜኑ ውስጥ ገብተው ብራይትነሱን ወደ ዜሮ አውርደውት ይገኛል። ኢኮ የሚባለው የኃይል ቁጠባ ሁነታ ወይም ዳይናሚክ ኮንትራስት በርቶ ከሆነም ስክሪኑን እንደፈለገ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት። ከዚያ ብራይትነሱን ወደ 100 አውጥታችሁ እዩት።

ቀጥሎ በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት። በኤችዲኤምአይ የተገናኘ ከሆነና ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም የፈዘዘ ከመሰለ፣ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ የግራፊክስ ሴቲንግ ሊሆን ይችላል። የቀለም ሬንጁ ሊሚትድ የሚለው ላይ ከሆነ ወደ ፉል ቀይሩት። የቪጂኤ ገመድ ሲጎዳ ደግሞ ምስሉ ወደ አንድ ቀለም ያደላል፤ ቢጫ ወይም ሮዝ ይሆናል፤ ወይም ጥላ ያበጃል። መብራቱን ግን አይቀንስም።

ስክሪኑንም ጥረጉት። በጠመኔ በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ያለ ሞኒተር ላይ የሚቀመጠውን አቧራ ያየ ያውቀዋል። ለስላሳ ጨርቅ በውሃ ትንሽ አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ሞኒተሩ ጠፍቶ ጥረጉት። የመስኮት መስታወት ማጽጃና አልኮል አትጠቀሙ፤ የፓነሉን የላይኛው ሽፋን ይጎዳሉ።

ምልክቶቹን ማንበብ

ይህ ክፍል ነው ዋናው። ሞኒተሩ ሳይከፈት ብዙ ይናገራል።

ስክሪኑ ጠቅላላ ጥቁር ከሆነና የኃይል መብራቱ ግን ከበራ፣ ክፍሉን አጨልሙ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከስክሪኑ ጎን አስጠጉትና በማዘንበል ተመልከቱ። የዊንዶውስ ምልክቶች ወይም ጽሑፍ እንደ ጥላ ብቅ ካሉ፣ ፓነሉ ይሠራል ማለት ነው። የጠፋው መብራቱ ብቻ ነው። ይህን ስታዩ ደስ ይበላችሁ፤ ሞኒተሩ ሊድን ይችላል።

ሲበራ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ቦግ ብሎ ወዲያው ከጨለመ፣ ኢንቨርተሩ ራሱን እየጠበቀ ነው። ከመብራቶቹ አንዱ ሲደክም ወይም ሲሰበር፣ ወይም ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ትራንስፎርመር ሲበላሽ፣ ኢንቨርተሩ ይህን አውቆ ሁሉንም ያጠፋል። ካፓሲተር፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ ሲደክምም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል።

ሲበራ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ጀምሮ ቆይቶ ነጭ የሚሆን ከሆነ፣ ወይም ጠቅላላው ወደ ቢጫ ካደላ፣ መብራቱ አርጅቷል። ጠርዝ ላይ፣ ከታች ወይም ከላይ ብቻ፣ ጨለም ካለ በዚያ በኩል ያለው መብራት ነው የደከመው።

ጠዋት ደብዝዞ እየቆየ የሚደምቅ አለ። እኛ አገር በህዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ይህ በጣም ይታያል፤ የደሴ ብርድ ቀላል አይደለም። ሲሲኤፍኤል ሲቀዘቅዝ ብርሃኑ ስለሚቀንስ ጥቂት ደቂቃ ቢፈልግ ጤነኛ ነው። ለመድመቅ ብዙ ከወሰደበት፣ ወይም ተደጋግሞ እየበራና እየጠፋ ቆይቶ ከተስተካከለ ግን ካፓሲተሮቹን ጠርጥሩ። የደከመ ካፓሲተር በብርድ ይብስበታል፤ ሲሞቅ ይሻለዋል። መንቀጥቀጥና እዝዝ የሚል ድምፅም ብዙ ጊዜ ከዚያው ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ በጥብቅ

የሞኒተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ አንድ ትልቅ ካፓሲተር አለ። ላዩ ላይ 400 ወይም 450 ቮልት የሚል ተጽፎበታል። የግድግዳው 220 ቮልት ተስተካክሎ እዚያ ላይ ሲቀመጥ 310 ቮልት ያህል ይሆናል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ይህ ኃይል ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ከ2 እስከ 10 ኪሎኦም የሆነ፣ 5 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ሬዚስተር፣ በፕላስቲክ በተሸፈነ ሽቦ ይዛችሁ የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች ለብዙ ሰከንድ አገናኙ። ከዚያ በቴስተር ለኩ። ዜሮ አካባቢ ካልሆነ እጃችሁን አታስገቡ። በካቻቢቴ ማገናኘትን ብዙ ጠጋኞች ሲያደርጉት አይቻለሁ። ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል፤ ቦርዱንም ይጎዳል። አታድርጉት።

የኢንቨርተሩን ከፍተኛ ቮልት በተራ ቴስተር ለመለካትም አትሞክሩ። ቴስተሩ ራሱ ይቃጠላል። ኤሌክትሮኒክስ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ እስከ ባትሪው ሙከራ ድረስ ሂዱና ከዚያ በኋላ ያለውን ለባለሙያ ስጡት። ያያችሁትን ምልክት በዝርዝር ብትነግሩት እንኳ ድካሙን በግማሽ ትቀንሱለታላችሁ። የእኔም ተማሪዎች ሲከፈት ቆመው ያያሉ፤ ኃይል ያለበትን ቦርድ ግን አይነኩም።

መክፈት

ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉና ሞኒተሩን በፊቱ አስተኙት። መቆሚያውን ፍቱ። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ከመቆሚያው ሥር ናቸው። የፊት ክፈፉ ግን በፕላስቲክ መንጠቆ ነው የተያዘው። ብረት አታስገቡበት። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ በመገጣጠሚያው አስገብታችሁ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አስለቅቁት። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሱ። የትኛው ገመድ የት እንደነበር፣ የትኛው ብሎን ረጅም እንደነበር በኋላ የሚነግራችሁ ያ ፎቶ ነው። በጎን በኩል የሚወጡት ሮዝና ነጭ ሽቦዎች፣ ወይም ሌላ ጥንድ ቀለም ያላቸው፣ የመብራቱ ናቸው። ሶኬታቸውን ይዛችሁ እንጂ ሽቦውን ጎትታችሁ አትንቀሉ።

ካፓሲተሮቹ

ቦርዱን ካወጣችሁ መጀመሪያ ሲሊንደር የሚመስሉትን ካፓሲተሮች ተመልከቱ። ጤነኛ ካፓሲተር ራሱ ጠፍጣፋ ነው። የተበላሸው ያብጣል። አናቱ ላይ ያለው የመስቀል ጭረት ወደ ላይ ይነሳል። አንዳንዱ ከአናቱ ወይም ከሥሩ ቡናማ ነገር ያፈስሳል፤ ሲደርቅ ዝገት ይመስላል። በተለይ የሚታዩት አልሙኒየሙ ሙቀት ማስወጫ አጠገብ የተተከሉት ናቸው። ሙቀት ነው ጠላታቸው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የተሠሩ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በእነዚያ ዓመታት ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ጉድለት ያለበት ብዙ ካፓሲተር ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር። ከማዘርቦርድ እስከ ሞኒተር ያለጊዜያቸው ያበጡት ለዚያ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሞኒተር ከገጠማችሁ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

ከተማችን ውስጥ ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አባት አሉ። አንድ ቦርድ ይዤ ሄጄ ያበጠውን ሳሳያቸው አገላብጠው አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ ያበጠውን ብቻ እንዳትነቅል፤ ጎረቤቱም አብሮት ሲቀቀል ነው የኖረው» አሉኝ። «ደህና ይመስላል እኮ ጋሼ» ስላቸው፣ «ከላይ ነዋ!» አሉ። ኢኤስአር፣ ማለትም የካፓሲተሩን የውስጥ ሬዚስታንስ በሚለካ መሣሪያ ሲለኩት እውነትም ያላበጠው አልቆለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሁለተኛው ወገን፣ ማለትም ዝቅተኛ ቮልት ባለበት በኩል ያሉትን ትላልቆቹን በሙሉ ነው የምቀይረው። ከአራት እስከ ስምንት ቢሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ከከፈታችሁት ለሁለተኛ ጊዜ ላለመክፈት ይህ ያዋጣል።

ስትገዙ የማይክሮፋራዱ ቁጥር ያው ይሁን። ለምሳሌ 1,000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ከነበረ፣ 1,000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ይሆናል። ቮልቱ ከፍ ቢል ችግር የለውም፤ ዝቅ ማለት ግን የለበትም። 105 ዲግሪ የሚል የተጻፈበትን፣ ለፓወር ሰፕላይ የሚሆነውን ሎው ኢኤስአር ጠይቁ። 85 ዲግሪ የሚለው ለዚህ ቦታ አይሆንም። ቁመቱንና ውፍረቱንም ለኩ፤ የሞኒተር ቆርቆሮ ጠባብ ስለሆነ ረጅሙ አይገባም። የጎን ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ ይፈነዳል። አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊት መስመሩ ወደ የት እንደዞረ ፎቶ አንሱ።

እኛ ከተማ የማይገኘውን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እልካለሁ። መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መደብሮች አብዛኛውን ጊዜ አያሳጡም። ካፓሲተር ከአዲስ ሞኒተር ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል ወጪ አይደለም። በክፍላችን ከዳኑት ሞኒተሮች የበዙት የዳኑት በዚህ ነው።

ኢንቨርተሩ

ካፓሲተሮቹ ተቀይረው ችግሩ ካልጠፋ ወደ ኢንቨርተሩ እንሄዳለን። ኃይል ጠፍቶ፣ ካፓሲተሩም ባዶ ሆኖ፣ መጀመሪያ ፊውዙን ለኩ። እህል የምታህል ትንሽ ዕቃ ናት፤ ቦርዱ ላይ ኤፍ በሚል ፊደል ትታወቃለች። ከተቃጠለች ዝም ብላችሁ አትቀይሯት፤ ያቃጠላት ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋው ሞስፌት ወይም ትራንዚስተር ሾርት ሆኖ ነው።

ትራንስፎርመሮቹ ላይ ጥሩው ዘዴ ማወዳደር ነው። ሁለት ተመሳሳይ ትራንስፎርመር ካሉ የመብራቱን ወገን ጥቅል በኦም ለኩ። በመቶዎች የሚቆጠር ኦም ታያላችሁ፤ ሁለቱ ሊቀራረቡ ይገባል። አንዱ በጣም ካነሰ ወይም ጭራሽ ካልለካ ተበላሽቷል። እግሮቻቸው ላይ ያለውን ሶልደርም በማጉያ መነጽር እዩት። በእግሩ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ከታየ በመበየጃው አሙቃችሁ አዲስ ሶልደር ጨምሩበት። አንዳንድ ሞኒተር በዚህ ብቻ ይድናል።

ለትራንስፎርመር አዲስ ፍለጋ አትድከሙ። ፓነላቸው የተሰበረ ተመሳሳይ ሞኒተሮችን አስቀምጡ። እኛ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ያሉት «የሞቱ» ሞኒተሮች ለብዙዎቹ የመለዋወጫ ምንጭ ሆነዋል። አዲስ አበባ ያላችሁ ምን አለሽ ተራ ብትዞሩ እንዲህ ያለ ነገር ታገኛላችሁ።

መብራቱ ራሱ ካለቀ

ከሌላ ሞኒተር ጤነኛ መብራት አውጥታችሁ በተጠረጠረው ቦታ ሰክታችሁ ሞክሩ። ኢንቨርተሩ ሳይጠፋ ከቆየ ጥፋተኛው የድሮው መብራት ነው። ያለቀ መብራት ስታወጡት በዓይን ይለያል። ጫፎቹ ጠቁረዋል፤ የተቃጠለ ወረቀት ጠርዝ ላይ የሚታየው ዓይነት ጥቀርሻ ከመስታወቱ ውስጥ ተለጥፏል። መሐሉም ነጭነቱን ለቆ ወደ ቢጫ ሄዷል። ጫፉን የያዘው ላስቲክም በሙቀት ደርቆ ይፈረፈራል።

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። መብራቱ በትንሽ ጥምዘዛ ይሰበራል። ከተሰበረ መስኮት ክፈቱ፣ ተማሪዎችን አስወጡ፣ ጥቂት ጊዜ ቆዩ። ስብርባሪውን በጠንካራ ወረቀት ሰብስባችሁ፣ ቀሪውን በስኮች አንሡት፤ ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ዝጉት። በመጥረጊያም ሆነ በቫኪዩም አትጥረጉት፤ ሜርኩሪውን ይበትነዋል።

የሚተካ ሲሲኤፍኤል ማግኘት አሁን ከባድ ነው። ርዝመቱም ውፍረቱም በሚሊሜትር መግጠም አለበት። ስለዚህ እኔ ወደ ኤልኢዲ መቀየርን እመርጣለሁ። ለዚህ የተሠራ ኪት ይሸጣል፦ ሁለት ቀጫጭን የኤልኢዲ ስትሪፕና አንድ ትንሽ የማብሪያ ቦርድ። ስትሪፑ በየሦስት ኤልኢዲው የመቁረጫ ምልክት አለው። መብራቱ የነበረበትን የሚያብረቀርቅ የብረት ቦይ አውጥታችሁ፣ አሮጌውን መብራት አስወግዳችሁ፣ ቦዩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ስትሪፑን በልኩ ቆርጣችሁ ትለጥፋላችሁ። የስትሪፑ ስፋት ከቦዩ ጋር መግጠሙን ሳትገዙ አረጋግጡ፤ ከሰፋ አይገባም።

የማብሪያ ቦርዱ አራት ሽቦ አለው። አንዱ ኃይል፣ አንዱ ግራውንድ፣ አንዱ ማብሪያና ማጥፊያ፣ አንዱ የብርሃን መጠን መቆጣጠሪያ። ኃይሉን ለኢንቨርተሩ ይሄድ ከነበረው 12 ቮልት አካባቢ ከሆነው መስመር፣ ከፊውዙ በፊት ትወስዳላችሁ። ፊውዙን ነቅላችሁ አሮጌው ኢንቨርተር እንዳይነሳ ታደርጋላችሁ። ማብሪያውና መቆጣጠሪያው ከዋናው ቦርድ ከሚመጣው ገመድ ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ በአጠገባቸው ተጽፎባቸዋል። የብርሃን መቆጣጠሪያው አንዳንዴ ከኪቱ ጋር አይግባባም፤ በኪቱ ወረቀት ላይ በተነገረው መሠረት በአንድ መጠን ላይ ታስሩታላችሁ። ለኮምፒውተር ክፍል ይበቃል። ቀለሙ ከፋብሪካው ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለፎቶ ሥራ አይመከርም፤ ለጽሑፍ ግን ምንም አይልም።

ይህን ሥራ የሚያስፈራው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ፓነሉ ነው። ከፓነሉ ጠርዝ ወደ ትንሿ ቦርድ የሚሄዱት ስስ ቡናማ ሪባኖች ከታጠፉ ወይም ከተሳቡ ስክሪኑ ላይ የማይጠፋ መስመር ይወጣል። ያ ደግሞ አይጠገንም። ፓነሉን ስታነሱ ቦርዷን አብራችሁ አንሱ፤ እንድትንጠለጠል አትተዉአት። ስስ ፕላስቲኮቹን ከነቅደም ተከተላቸው፣ ከነፊታቸው አቆዩ። ጣት አታሳርፉባቸው። አንድ የጣት አሻራ ወይም አንድ ፀጉር ከገባ በነጭ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ይታያል። እኔ ይህን የምሠራው ጠዋት፣ ክፍሉ ሳይጠረግና አቧራ ሳይነሳ ነው።

አዲሶቹ ኤልኢዲዎች

ኤልኢዲ ሞኒተር አይደበዝዝም የሚባለው ልክ አይደለም። እሱም ሰዓቱን ሲጨርስ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ በተለይ ሁልጊዜ በ100 ብራይትነስ የዋለ። ኤልኢዲዎቹ በረድፍ ተያይዘው በአስርዎች በሚቆጠር ቮልት ይሠራሉ። ከረድፉ አንዷ ተቋርጣ ከቀረች ረድፉ በሙሉ ይጠፋል፤ ማብሪያው ቦርድም ሁሉንም ሊያጠፋ ይችላል። አንዷ ሾርት ከሆነች ደግሞ እሷ ያለችበት ቦታ ብቻ ጨለም ይላል። የኤልኢዲ መፈተሻ መሣሪያ ካላችሁ ረድፉን ለብቻው አብርታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እነዚህ ላይ አንዷን መለወጥ አልመክርም። አብረዋት ያሉት በዕድሜ እኩል ናቸው፤ ሙሉ ስትሪፑን ቀይሩት።

መቼ ይበቃል?

ፓነሉ ከተሰነጠቀ ወይም መስመር ካወጣ ለመለዋወጫነት አስቀምጡት። ጠርዙ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ የሆነ የተቃጠለ ነጠብጣብ ካለ፣ ሙቀት የፓነሉን ሽፋን አበላሽቶታል፤ መብራት ቢቀየርም አይጠፋም። ትልልቆቹን የድሮ ሲአርቲ ሞኒተሮች ደግሞ ተዉአቸው። እነሱ የሚደበዝዙት ቱቦው ውስጥ ያለው ካቶድ ስለሚያልቅ ነው። ቱቦው ላይ የሚቀመጠውም 25,000 ቮልት አካባቢ ነው። ለእነሱ ሲባል ያን ያህል አደጋ መጋፈጥ አያዋጣም።

የዳነውን ለማቆየት

እኛ ክፍል ስክሪን ሴቨር አንጠቀምም። ስክሪን ሴቨር ሲንቀሳቀስ መብራቱ በሙሉ ኃይሉ እየበራ ነው። በእሱ ፈንታ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ እንዲጠፋ ዊንዶውስ ላይ አስተካክለናል። የኤልኢዲዎቹን ብራይትነስም 60 እና 70 መካከል አድርገናል።

መብራት ሲሄድ የክፍሉን ዲቫይደሮች እናጠፋለን። ሲመለስ ወዲያው አናበራም፤ ጥቂት ደቂቃ እንጠብቃለን። መብራት ሲመጣ የሚፈጠረው ከፍና ዝቅ ፓወር ሰፕላዩን ነው መጀመሪያ የሚመታው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሞኒተርና ቴሌቪዥን ላይ ዳንቴል ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። ሲጠፋ አልብሱት፤ ጥሩ የአቧራ መከላከያ ነው። ሲበራ ግን አንሱለት። የጀርባው ቀዳዳ ከተሸፈነ ውስጡ ይግላል፤ ካፓሲተሩንም መብራቱንም ያስረጃል።

ያገለገለ ሞኒተር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ አብርቶ ሲያሳያችሁ ቶሎ አትክፈሉ። ነጭ ገጽ እንዲከፍት ጠይቁት። አራቱን ማዕዘኖች አወዳድሩ። ሲበራ ሮዝ ነበር ወይ? ብራይትነሱ ስንት ላይ ነው? 100 ላይ ሆኖ እንኳ ደከም ካለ መብራቱ ጨርሷል፤ 50 ላይ ሆኖ ደማቅ ከሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል። አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩት፤ ሩብ ሰዓት ያህልም ሳይጠፋ ይብራ። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ላይ የተሠራበትን ዓመት ፈልጉ። ሻጩ ለመቆየት ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሱቅ ይሻላችኋል።